በምሥራቅ አፍሪካ ስም ስለ ተቆጠረችው ፊርማዬ

ለአየር ንብረት ምርምርና ምክክር ተቋም ዳይሬክተር
ፍራንክፈርት አም ማይን፤ ኅዳር 2012 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣

ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ፤ ሰማይን ለመጠገን ያሰበ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታልና። እኔ እዚሁ ከተማ በቦርንሃይም ሰፈር የምኖር፣ ሠላሳ ዓመት የሕንፃ ማሞቂያ ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሳይንስን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በራሴ የተማርኩ ኢትዮጵያዊ ነኝ። በመስከረም ተቋምዎ በኦስትኤንድ ሰፈር በጠራው ስብሰባ፣ ምድርን ለማቀዝቀዝ የድኝ ብናኝ ወደ ላይኛው አየር ረጭቶ የፀሐይን ብርሃን መቀነስ ይጠና ወይስ አይጠና ብለው ምሁራን ሲከራከሩ በትዕግሥት አዳምጫለሁ። ስለ ግብዣው እያመሰገንኩ ቅሬታዬን አቀርባለሁ።

፩. በር ላይ የስም ዝርዝር ተሰጠኝ፤ በዚህ አገር ያለ ፊርማ የሚከፈት በር ስለሌለ ሳላነብ ፈረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው ሳምንት የወጣው ዘገባዎ ግን «ከምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ ተወካዮች ጋር ምክክር ተደርጓል» ይላል። ከዚያ ወገን በአዳራሹ የነበርነው እኔና ወንበር ይደረድር የነበረው ሓሚድ ብቻ ነን። እርሱም አልፈረመም፤ ከእኔ ይሻላል።

፪. ብናኙ የክረምቱን ዝናብ ይቀንስ እንደሆነ ስጠይቅ በካርድ ላይ እንድጽፈው ተነገረኝ፤ ጻፍኩት። መልሱን ያገኘሁት በዘገባው ገጽ ፵፩ ግርጌ፣ በደቃቃ ፊደል ነው፦ አንዳንድ ስሌቶች እንደሚቀንስ ያሳያሉ። እህቴ ገላነሽ ወሎ ውስጥ ጤፍ የምትዘራው በዚያ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው።

፫. «ማጥናት ማድረግ አይደለም» ተብለን ተጽናንተናል። ዕውቀትን አልጠላም። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ፣ ማሞቂያውን ዝቅ በማድረግ ፈንታ መስኮት የሚከፍት ተከራይ ብዙ አይቻለሁ፤ የሚበርዳት ግን ሁልጊዜ ሙቀቱ ሳይደርሳት የሚያልቅባት ላይኛው ፎቅ ያለችው አሮጊት ነበረች። መስኮት መክፈትን እያጠና ማሞቂያውን የሚነካ አላየሁም።

ሳይጠይቁ ጠይቀናል ማለት ያስጸይፈኛል። ስሜን ይሰርዙልኝ። እስኪሰረዝ ድረስ ይህንኑ ደብዳቤ ሰኞ ሰኞ እልካለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ።

ሕዝቡ ሳያውቀው በተቋምዎ ቸርነት ተወካይ ለመሆን የበቃሁት፣
ሰይፈ ገብርኤል ኃይለ መስቀል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአትክልት ቦታዬ ያለችውን የዕቃ ጎጆ በአርባ ሳንቲ ሜትር ከፍ ላድርግ ስል፣ ጥላዋ የጎረቤቴ ድንች ላይ ስለሚወድቅ የእርሱን የጽሑፍ ፈቃድ እንዳመጣ ታዘዝኩ። እምቢ አለኝ፤ ጎጆዬም እንደ ነበረች ናት። የዚያን ቅጽ ያልተሞላ ቅጂ፣ በጎረቤቱ ቦታ የእህቴን ስም ጽፌ፣ አባሪ አድርጌያለሁ። የገላነሽ የፊርማ መስመር ገና ባዶ ነው። የምትፈርመው በጣቷ ስለሆነ ቀለም ይዘው ይሂዱ፤ ከመኪና መንገዱ በእግር አራት ሰዓት ነው።