ያልነበረው ጉድጓድ

እሑድ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን

ለልጄ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ደህና ነሽ ብዬ ልጀምር።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ የገባሽበትን የጦር ማሠልጠኛ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በአጉሊ መነጽር ተከተልሁሽ። የሣልሁት ራሴ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። በሩን፣ የሰልፍ ሜዳውን፣ አራቱን ረድፍ መኝታ ቤቶች፣ የተኩስ ሜዳውን በትክክል ጽፈሻል። ከዚያ ግን፣ «ከተኩስ ሜዳው ጀርባ ካለው ጉድጓድ ውሃ እንቀዳለን። አያቴ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ጎንበስ ስል ፊቴን አያሳየኝም» አልሽ።

እዚያ ጉድጓድ የለም። በካርታ መሥሪያ ቤታችን ደንብ በየካርታው አንድ ሐሰት እናስገባ ነበር፤ ካርታው ተሰርቆ ግልባጭ ቢወጣለት በዚያ እንድንለየው። የዚያ ካርታ ሐሰት ጉድጓዱ ነው። መሬቱን የለካው አያትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቦታው ደረቅ ድንጋይ ነው ብሎኛል።

መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ብዕር አያያዝ ያስተማርሁት የዛሬው የክፍል ኃላፊ አዲሱን የአየር ፎቶግራፍ አሳየኝ። ጉድጓዱ እኔ ካስቀመጥሁበት ንቅንቅ አላለም። በእግር የተጠረገ ቀጭን መንገድም ወደ እርሱ ይሄዳል።

«እትዬ፣ ምን ያስከፋዎታል? ጡረታ የወጡት እርስዎ ነዎት እንጂ ሥራዎ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ።

ፊትሽን የማያሳይ ውሃ እንድትጠጪ አልፈለግሁም። ማክሰኞ ጠዋት፣ እኔ ዘንድ ከቀረው ዋናው ካርታ ላይ ጉድጓዱን በምላጭ ፋቅሁት።

ዓርብ ዕለት የዘገየ ደብዳቤሽ ደረሰ። «ከማክሰኞ ጀምሮ የጥበቃ ተራዬ ጉድጓዱ ዳር ነው» ይላል።

እናትሽ ወደ ማሠልጠኛው ደወለች። ያነሳው ሰው ትሑት ነበር አለችኝ። «እናቴ፣ እዚህ ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም። እዚያ የቆመ ጠባቂም የለም» አላት። ስምሽን ስትነግረው መዝገብ ሲያገላብጥ ይሰማት ነበር፤ ብዙ አገላበጠ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ስለ ምላጩ ለእናትሽ አልነገርኋትም።

ትናንት ጉድጓዱን መልሼ ሣልሁት። የተፋቀ ወረቀት ቀለም ይስባል፤ ከቀድሞው ሰፋብኝ። ከአፉ ጀምሬ መንገድ አወጣሁልሽ፤ በሰልፍ ሜዳው በኩል አሳልፌ፣ በበሩ አውጥቼ፣ ካርታው ሲያልቅብኝ ሌላ ወረቀት ለጥፌ እስከ ደጃችን አደረስሁት። አንድም ሐሰት አላስገባሁበትም። በእርሱ ነይ፤ ግራ ቀኝ አትበይ።

ዛሬ ጠዋት ከበሩ እስከ ወንበርሽ ድረስ ወለሉ እርጥብ ነበር። ዝናብ አልዘነበም። ጠባዬን ታውቂያለሽ፤ ግን አልወለወልሁትም።

እግርሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። እጄን ይቅር በይው።

በሩን ያልቆለፈችው
አያትሽ