ኢሽቤል በሩጫ ያገኘቻት በግ

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 14

ጠዋት የገባ፦ ዳቦ 30፣ ወተት ሁለት ሣጥን፣ እንቁላል አሥር ደርዘን (ስድስት ፍሬ ተሰብሯል)። ነጭ ጋዝ ግማሽ በርሜል ቀርቷል። ዝናብ። እስከ ረፋድ ገበያ የለም።

የእህቴ የሮና በግ ጎህ ሲቀድ መንታ ወለደች። ካቻምና ኦገስት በመንደራችን የስፖርት ቀን፣ የሮና ልጅ ኢሽቤል ኮረብታውን ቀድማ ወጥታ ወርዳ የተሸለመቻት ሴት ጠቦት ናት። ያኔ በብብቷ ይዛት ነበር ቤት የገባችው። አሁን እናት ሆነች...

ኢሽቤል ልምምዷን አቋርጣ ሱቅ ገባች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ። የአጃ ቂጣ ከመደርደሪያ አንስታ በቆመችበት በላች።

«አጎቴ፣ መንታ እኮ ነው።»

«ሰማሁ። ይሄን ወለል ማን ይወልውለው?»

«አንተ። እኔ አትሌት ነኝ።»

ወለወልኩ።

ልጅ ሳለች ግማሽ ማይል፣ ከዚያ ማይል፣ አሁን ሦስት ሺህ ሜትር። አሰልጣኟ ዱጋልድ የሚሆናትን ርቀት ገና አሁን አገኘችው ይላል። ጁን 2 ኤድንብራ ላይ ማጣሪያ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ለስኮትላንድ ይሮጣሉ። አምናም ካቻምናም ሦስተኛ ወጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ስንት ጊዜ ይሞከራል?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 19

የአውራጃው ጋዜጣ ላይ ወጣች። በጓ አጠገቧ፣ ግልገሎቹ ግራና ቀኝ በብብቷ። ከሥሩ «ሯጯ ከነሽልማቷ» ይላል። ጋዜጠኛውን የጠራችው ሮና ናት። ቆርጬ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ጋዜጣው ከምሳ በፊት አለቀ። የገባው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል፣ የሮጥኩት እኔ ይመስል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 24

ዱጋልድ በሱቁ ስልክ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ጋዜጣው የአትሌቲክስ ማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። አማተር ሯጭ፣ ለጥቅም የማይሮጥ ማለት ነው፣ ዋጋ ያለው ሽልማት በሚሰጥበት ሜዳ አይሮጥም። ከሮጠ አማተርነቱ ይቀራል። ኢሽቤል ታግዳለች...

ሮና፦ «በግ እኮ ነው። ገንዘብ ነው እንዴ?»

ነጋዴ ነኝ፣ ልዋሻት አልቻልኩም። በግ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ ሣር መብላቱ ነው።

እዚህ ግን ኮረብታውን የማይሮጥ ማን አለ? በስፖርቱ ቀን ቤቱ የቀረ ሰው ታመመ ነው የሚባለው። ደንብ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ፎቶውን ከመስኮቱ አነሳሁት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 30

ከኢሽቤል ጋር ኤድንብራ ደርሼ ተመለስኩ። የማኅበሩ ሦስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ያለ ብስኩት ሻይ። ክፉዎች አይደሉም። ሽልማቱን ለሰጪው ትመልስ፣ ሰጪው መቀበሉን ፈርሞ ይላክ፣ ዳግመኛ በመንደሩ ስፖርት ላለመሮጥ ቃል ትግባ። ያን ጊዜ ይፈቅዳሉ። ቀነ ገደቡ ሜይ አጋማሽ ነው።

«ግልገሎቹስ?» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከመነሻው ቢለይ ይሻላል።

ተያዩ። አንደኛው መነጽሩን አወለቀ። «ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

ተንሾካሾኩ። ለግልገሎቹ ስላልሮጠች ይቅሩላት አሉ።

ባቡር ላይ፦ «በጓስ ትሂድ፣ አጎቴ። ኮረብታው ግን...»

አልጨረሰችውም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በየኦገስቱ ወጥታዋለች። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 2

ፋርኩሃር ዘንድ ሄድኩ። የስፖርቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። በየዓመቱ ጠቦቷን የሚሰጠውም እሱ፣ ከእሱ በፊት አባቱ። ነገሩን አስረዳሁት። አጥሩን መጠገኑን አላቆመም።

«ሰው ፊት ሜዳ ላይ የሰጠሁትን መልሼ ልቀበል? ፋርኩሃር ሰጥቶ ነሳ ልባል?»

«ለልጅቷ ስትል።»

«ለልጅቷ ስል አይደል የሰጠሁት? ደግሞስ፣ ሂው፣ ከእኛ ጋር መሮጥ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ቢቆጣ ይሻል ነበር። የተቆጣ ሰው ሲበርድለት ይደራደራል። ይሄ ግን ቅር ተሰኝቷል።

ዓርብ፣ ሜይ 4

ሮናም ፋርኩሃር ዘንድ ሄደች። አለቀሰችበት። ሻይ አጠጥቶ መለሳት።

ኢሽቤል፦ «ይብቃ፣ አጎቴ። ሽማግሌውን አታስጨንቁት። ለመንደሬ እሮጣለሁ፣ ምን ቸገረኝ።» እየሳቀች ነው ያለችው። ሳቋን ግን አውቀዋለሁ...

ማታ ልምምድ አልወጣችም። በረዶ እንኳ አስቀርቷት አያውቅም።

እሁድ፣ ሜይ 6

ቤተ ክርስቲያን። ፋርኩሃር ከፊቴ ተቀምጦ ስለነበር ስብከቱን አልሰማሁም። ማጅራቱን እያየሁ አሰብኩ። የሰጠውን አይቀበልም። እሺ። ሌላ ሰው የሚሰጠውንስ?

በሩ ላይ ያዝኩት።

«የዘንድሮዋን ጠቦት መርጠሃል?»

«ገና ነኝ።»

«አትምረጥ። የዘንድሮውን ሽልማት ሮና ትሰጣለች። እናቲቱን።»

ቆመ።

«ለአንተ አይደለም፣ ለኮሚቴው ነው። ስጦታ መቀበል የሊቀ መንበሩ ሥራ ነው። ተቀበልኩ ብለህ ትፈርማለህ። ግልገሎቹ ጡት እስኪጥሉ ሮና ጋ ትቆያለች፣ በኦገስት ሜዳ ላይ ትወጣለች። መለሰ የሚል የለም፣ ነሳ የሚልም የለም።»

ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ ሰውዬ የአባቴን የመቃብር ድንጋይ ለእኔው መልሰህ ትሸጥልኛለህ።»

«ዋጋ አስተካክልልሃለሁ።»

ሳቀ። ለመፈረም ግን እምቢ አለ። በእሁድ አይፈርምም። ነገ ይመጣል።

ሰኞ፣ ሜይ 7

ሱቅ ሳይከፈት መጣ። ፈረመ። ኢሽቤልን አስጠራት። እጇን ይዞ፣ ዓይናችንን ሳያይ፦

«ኮረብታው የትም አይሄድም። የኤድንብራዎቹ ከአንቺ ጋር ሲያበቁ እዚሁ ታገኝዋለሽ።»

እሷ «እሺ ጋሼ» ብቻ አለች። ወረቀቱን ከእሷ የቃል ደብዳቤ ጋር ራሴ ፖስታ ቤት ወሰድኩት።

ረቡዕ፣ ሜይ 16

ዱጋልድ ደወለ። ተፈቅዶላታል። ዛሬ ማታ በሱቁ በር ሦስት ጊዜ አለፈች። መንገዷ አይደለም፣ ልታሳየኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 2

ሱቅ ተዘጋ። በቅዳሜ፣ በዋናው የገበያ ቀን።

ኤድንብራ። ሮና በግራዬ፣ ፋርኩሃር በቀኜ፣ ለቀብር በሚለብሰው ኮት። ኢሽቤል እስከ መጨረሻው ዙር አራተኛ። ሮና ማየት ትታ እጄን ትቧጥጣለች። ኩርባው ላይ አንዷን አለፈች። ሦስተኛ... እንደገና ሦስተኛ ልትሆን ነው ስል፣ ፋርኩሃር ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ። ውሻውን በጎቹን ክበብ ሲለው የሚያፏጨውን። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ ሰምታው ይሁን አይሁን እንጃ... በውጭ በኩል ወጣች።

ሁለተኛ። በትከሻ ስፋት።

ፋርኩሃር ቆቡን ፊቱ ላይ አደረገ። እኔ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም።

መጣች። ላቧ አልደረቀም።

«አጎቴ፣ ሱቁስ?»

«ዝግ ነው።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው።

እሁድ፣ ኦገስት 26

ትናንት የስፖርቱ ቀን ነበር። ደረቅ፣ ነፋሻ። በጓ ሪባን ታስሮላት ሜዳ ላይ ቆማ ዋለች። የማዶው ሸለቆ እረኛ ሚስት አሸንፋ ወሰደቻት። ሲጭኗት ሮና ወደ ሌላ አየች።

እኔም ሮጥኩ። እንደ ወትሮው ከመጨረሻ ሁለተኛ።

ደንቡ ጫፍ ላይ ያለውን የድንጋይ ቁልል ነክቶ መመለስ ነው። የነካውንና ያልነካውን የሚያይ ሰው እዚያ ይቆማል። ዘንድሮ ኢሽቤል ቆመች። መሮጥ ተከለከለች እንጂ መቆም አልተከለከለችም። ከፊቴ የነበሩት ሁሉ ድንጋዩን ትተው መዳፏን እየነኩ ዞሩ። ሕፃናቱም፣ ፖስተኛውም። ማንም ያዘዘ የለም። እኔ ስደርስ መዳፏ ቀልቷል።

«አጎቴ፣ ምነው ዘገየህ?»

«እየቆጠብኩ ነው።»

ነካኋት። ስወርድ አንድ ጊዜ ዞሬ አየሁ። ወደ ኋላ የቀረውን አንድ ሰው እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

ነገ፦ ኢሽቤልን በጠዋት ባቡር ጣቢያ ማድረስ። ለስኮትላንድ ልትሮጥ ኦስሎ ትሄዳለች። ስመለስ ዱቄት መጫን።