መርከበኛሽ ሳይገረጣ

ውድ ሄስተር፣

ዛሬ ማክሰኞ፣ ከቁርስ በኋላ፣ የልጅ ልጃችን ፊቢና አንዲት ድመት በተገኙበት፣ የሳሎናችን መጋረጃ በይፋ መከፈቱን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ንግግር አልተደረገም። የቤቱ ጌታ አስነጥሷል፤ ከአቧራው ነው።

በመጋቢት ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እህትሽ ቤት፣ ወደ ባሕሩ ዳር ስትሄጂ፣ «አምብሮዝ፣ እኔ እኮ የዝሆን ጥርስ ላይ አልተሳልኩም። ሳሎኔ ፀሐይ ካልገባበት አልመለስም» አልሽኝ። እኔም «የእኛ የባዝ ከተማ ፀሐይ እንደሆነች ለእንግድነት እንኳ አትመጣም» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቅሽም። ታክሲው ሄደ።

እነዚያ በዝሆን ጥርስ ላይ የተሳሉ፣ መዳፍ የማይሞሉ የጥንት ሰዎች ሥዕሎቼ ብርሃን አይወዱም፤ መጀመሪያ የሚጠፋው የጉንጫቸው ቅላት ነው። ለእነሱ ጉንጭ ብለህ የእኔን በጨለማ አስቀመጥክ ብትዪኝ አልከራከርሽም።

ፊቢ መጋረጃውን ስትስብ፣ እንደ እኔው ሥዕል ሰብሳቢ የሆነው ጎረቤታችን ሲሪል በመስኮት አይቶ እየሮጠ ገባ።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ? በጋው ሳያልቅ ሁሉም አስከሬን ይመስላሉ!»

«አስከሬን ናቸው እኮ፣ ሲሪል። ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት ሆናቸው።»

«አያቴ፣ ለምን መሳቢያ ውስጥ አትከታቸውም?» አለች ፊቢ።

«መሳቢያ ከገቡማ ማን ያያቸዋል?»

«በጨለማውስ ማን ያያቸው ነበር?»

ሲሪል ከት ብሎ ሳቀ። የራሱ ሳሎን ከእኔ የባሰ ጨለማ መሆኑን ረስቶት ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹን ለእሱ ሰጠሁት። በሻይ ትሪ ተሸክሞ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ሄስተር ብትመለስም አልመልስልህም» አለኝ።

«እሷ ከተመለሰች ማን ይጠይቅሃል?» አልኩት።

አንዱን ብቻ አስቀረሁ። ከወርቃማ ፀጉሩ ተቆርጦ፣ ተጎንጉኖ ከሥዕሉ ጀርባ በመስታወት ሥር የተቀመጠለትን፣ «ካንተ ይሻላል» የምትዪኝን መርከበኛ። መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ፊት አቁሜዋለሁ። ካልፈጠንሽ እስከ መስከረም እንደ እኔ ይገረጣል። ያኔ በመልክ እኩል እንሆናለን፤ እኔ ደግሞ ሻይ ማፍላት እችላለሁ።

ባቡር ጣቢያ መጥቼ ሻንጣሽን እይዝልሻለሁ፤ ወገቤ ከፈቀደ።

ያንቺው አምብሮዝ

አንድ ነገር ዋሽቻለሁ። መጋረጃው እውነት ነው፤ መርከበኛው ግን መስኮት ላይ የለም። በካልሲ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስተኝቼዋለሁ፤ ጉንጩ እንደቀላ ነው። ስትመለሺ የእኔን ፊት ብቻ እያየሽ እንድትኖሪ ልፈርድብሽ አልቻልኩም።