አንድ ጎማ ያልወረደለት አውሮፕላን

ውድ ሜቪስ፣
እኛ ዊትቢ ወደብ ቆመን የዓሣ ጀልባ እንደምንጠብቀው፣ እዚህ ሊንከንሻየር ሴቶቹ ማለዳ ማለዳ የጦር አየር ማረፊያው አጥር ሥር ቆመው ጀርመንን ደብድበው የሚመለሱትን ቦምብ ጣዮች ይጠብቃሉ። ዛሬ ወንድሜ ዊልፍሬድ የሚያበረው አውሮፕላን ከሁሉም ኋላ መጣ፤ አንዱ ጎማ አልወረደለትም። አከራዬ ወይዘሮ ሂበርት ክንዴን ጨምድደው ያዙና «አትዪ፣ ልጄ!» አሉኝ። አየሁ። በአንድ ጎማ አረፈ፤ ክንፉ መሬቱን እየፋቀ ተሽከረከረና ሣሩ ላይ ቆመ። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ዊልፍሬድ ወደ አጥሩ መጥቶ «ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ አልቃሻ? አባባ ጀልባውን ወደብ ላይ ከሚያቆምበት እኮ ይሻላል!» አለኝ። ክብሪቱ ግን ሁለቴ ስለወደቀበት ሲጋራውን በሽቦው መሃል እኔ ለኮስኩለት።

ይህችን ካርድ በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እናቴን «ደህና ነው» በያት፤ ዛሬ ማታ እንደገና እንደሚበር ግን፣ አደራ፣ እንዳትነግሪያት።

ያንቺዋ ኢዲት