ከትርፌ ጎን የቀረው ወንበር

ውድ ልጄ ጠጅቱ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልደታ ማርያም ከባዕድ አገር ብርድ ትከልልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ሳል ቀለል ብሎለታል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ ስለላክሁት እውነቱን ልጻፍልሽ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር የሰፈራችንን እናቶች ፎቶ አስነስቶ አዳራሹ ውስጥ ሰቅሏል። ልጇን ደጉን ወስደው የገደሉባት ጎረቤታችን ትርፌ «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» ብትለኝ፣ የቀበሌው ካድሬዎች ከእሷ ጋር እንዳያዩኝ ፈርቼ ጥግ ሄጄ ቆምኩ። ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። ፎቶው ሲሰቀል ከጎኗ ባዶ ወንበር፣ ወዲያ ማዶ አንገቴን የደፋሁ እኔ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ! እሷ ግን አይታው ስታበቃ «ጠጅቱን በሰላም ያምጣልሽ» ብላ ሳመችኝ። አሁንም ቀና ብዬ አላያትም።

ልጄ፣ እሷም አዝላ አሳድጋሻለች። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እባክሽ ለትርፌም ጻፊላት። «እማዬ» ብለሽ ጀምሪው።

እናትሽ ወለተሰንበት