ግንቡ የዋጣት ልጅ

ለትልቋ ልጄ፣ ለቤቴ ምሰሶ፤

እንደምን ከርመሻል? ጀርባሽን እንዴት አደረገሽ? ያ ደረጃ መውጣት መውረዱ አሁንም እንዳለ ነው ወይስ የአሠሪሽ አሮጊት እናት ወደ ምድር ቤት ወረዱልሽ? እጅሽን የሚልጠው ሳሙና ተለወጠ? እንቅልፍስ በቅጡ ትተኛለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ትከሻዬ በብርድ ቀን ይጠዘጥዘኛል፣ ጥርሴም ከሁለቱ በቀር ትቶኝ ሄዷል፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልሆንኩም፣ ገና መዶሻ አነሳለሁ። እናትሽም ጤናዋ ደህና ነው፤ ከእኔ ጋር ግን አትነጋገርም። ምክንያቱን ወደ ታች ትደርሺበታለሽ።

ይህን የምትጽፍልሽ ትንሿ እህትሽ ናት። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ። የምለውን ሳትቀንስና ሳታሳምር እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ። አሁን ፊቷ በርቷል፤ ወደ አንቺ ስለምትመጣበት መንገድ የምጽፍልሽ መስሏታል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ነገሩ የተጀመረው ወንድምሽ ሥራ ቤት ነው። ከአራት ጓደኞቹ ጋር የኮምፒውተር ጨዋታ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። እኔ የልጆች ኳስ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ «ተምሮ ተምሮ ለጨዋታ?» እያልኩ ስንት ጊዜ አሽሙር ወርውሬበታለሁ። ለካስ እዚያ ውስጥ ሙሉ አገር አለ፤ ንጉሥ ያለው፣ ተራራ ያለው፣ የጥንት ታሪክ ያለው። ታሪኩን የሚጽፈው ደግሞ ወንድምሽ ነው። ባለፈው ሳምንት መጣና «አባዬ፣ ድንጋይ ሲጠረብ የሚያሰማው ድምፅ ያስፈልገናል፣ መሮና መዶሻህን ይዘህ ና» አለኝ። ኮራሁ። ሸሚዜን ቀይሬ ሄድኩ።

ክፍሏ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለዋል። ወለሉ ሽቦ በሽቦ ነው፤ እንደ ዶሮ እግሬን እያነሳሁ ገባሁ። በርጩማ ላይ አስቀምጠው አፍንጫዬ ሥር ማይክ ደቀኑብኝና ምታ አሉኝ። መታሁ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋው ልጅ ዘሎ ተነሥቶ «አባባ ቀስ! ደነቆርኩ» አለኝ። «ታዲያ ድንጋይ ነው እንጂ ሊጥ አይደል» አልኩት። ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ።

ሲጨርሱ ሥዕል የምትሥልላቸውን ልጅ፣ እስቲ ድምፄ የት እንደሚገባ አሳዪኝ አልኳት። ቴሌቪዥን በሚመስለው መስተዋት ላይ ከፈተችልኝ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቆሟል። ግራ ትከሻው የወደቀ፣ ቀበቶው ላይ ቱንቢ ያንጠለጠለ። ጺም ጨምረውለታል እንጂ እኔው ነኝ። ልጅቷም አንዴ እኔን አንዴ ሥዕሉን አየችና ሳቋን ዋጠች። ወንድምሽ በቃል እየነገራት ነው አሉ የሣለችው። ታሪኩን ንገሪኝ አልኳት።

ተራራ ሥር ያለች ከተማ አለች አለችኝ። ከበላይዋ ጥቁር ውሃ የሚያግድ ትልቅ ግንብ አለ። ግንቡ በየትውልዱ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ከግንበኞች ቤት አንድ ልጅ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና በድንጋይ ይደፈንበታል፤ ግንቡም ይቆማል። የከተማው ታላላቆች ዓለም ሳይፈጠር የተጻፈ ዕጣ ነው ይላሉ። ያ ግንበኛ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አለው። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ጠጠር በሁለት ጭብጡ ይይዛል። ሴቷ ቀድማ ትመርጣለች። ጥቁሩ ይወጣባታል። ከተማው በጭብጨባ ይሸኛታል፣ አባትየው በገዛ እጁ ይደፍንባታል።

ልጄ፣ እዚህ ላይ መዶሻዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

ጨዋታው የሚጀምረው ገና ከዚህ በኋላ ነው። የሚጫወተው ሰው ወንድየውን ልጅ ይሆናል። ልጁ አባቱ የወረወረውን ሁለተኛ ጠጠር ከክምር ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል። እሱም ጥቁር ነው። ያን ጠጠር በኪሱ ይዞ እህቱን ሊያወጣ ግንቡ ውስጥ ይገባል። መጨረሻው ሁለት ዓይነት ነው አለችኝ። ወይ እሱ በእህቱ ቦታ ይቀራል፣ ግንቡ ይቆማል፣ ከተማው ይተርፋል። ወይ ሁለቱ ሆነው ዕጣ ብሎ ነገር የለም ይሉና ግንቡን ከውስጥ ያፈርሱታል፤ ውሃው ያመጣውን ያምጣ። አባትየውስ አልኳት። በመጀመሪያው ይከበራል፣ ወንበር ይሰጠዋል፤ በሁለተኛው ግን ውሃው ቀድሞ የሚወስደው እሱን ነው አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

አንገቴን መድፋት ሲገባኝ፣ መቼም ታውቂኛለሽ፣ ተቆጣሁ። በሙያዬ መጡብኛ! «ይኼ ሰውዬ ግንበኛ አይደለም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ውሃ የሚገፋው ግንብ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት መተንፈሻ ይተውለታል። መተንፈሻ ከሌለው ይሰነጠቃል፣ መቶ ልጅ ቢቀብሩበትም ይሰነጠቃል። ልጅ ምን ሊያደርግለት ነው? ሥራውን የሚያውቅ ሰው ልጁን ድንጋይ ውስጥ አይከትም!» ወንድምሽ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «አባዬ፣ አንተ ሥራህን ታውቅ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። ያን ዓመት ከመወጣጫው ወድቄ ትከሻዬ የተሰበረ ጊዜ፣ ደላላዋ ሁለት ነገር አመጣችልን፤ ወይ አንቺ ባሕር ማዶ ሰው ቤት፣ ወይ ወንድምሽ ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ ውስጥ ሥራ። አንቺ አሥራ ስድስት፣ እሱ አሥራ አንድ ነበራችሁ። ዕጣ ይወስን፣ ከጥቁርና ከነጭ ጠጠር ጥቁሩ የወጣበት ይሄዳል አልኩ። ግቢው ውስጥ ፊቴ አቆምኳችሁና ጭብጤን ዘረጋሁ። ግራውን ነካሽ። ስከፍተው ጥቁር ሆነ። በቀኝ እጄ ያለውን ወዲያው ወደ ጠጠሩ ክምር ወረወርኩት። የቀኙም ጥቁር ነበር፣ ልጄ። በሁለቱም እጄ የያዝኩት ጥቁር ነበር።

ለምን እንደሆነ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ወንድምሽ ቢደርሰው ያለቅስ ነበር፣ ከቤት ይጠፋ ነበር፣ እናትሽም መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። አንቺ እንቢ እንደማትዪ አውቅ ነበር። ከልጆቼ ሁሉ ደጓ ስለሆንሽ ነው የሰጠሁሽ። ሂጂ ብዬ ማዘዝም እችል ነበር፤ ካዘዝኩሽ ግን አባቴ ላከኝ ትያለሽ፣ ዕጣ ከሆነ የሚወቀስ ሰው የለም። ፈሪ ነበርኩ። ይህን ቃል ስለ ራሴ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሿ ያልሰማች መስላ ልታልፈው ነበር፤ ደግሜ ነግሬ አስጽፌያታለሁ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ አመመኝ ስትዪ፣ ደከመኝ ስትዪ፣ ሦስት ቀን ቆልፈውብኝ ዋሉ ስትዪ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ዕጣሽ ነው፣ ቻይው» እልሽ ነበር። አንቺም «እሺ አባባ» ትዪኝ ነበር። አሁን አንጀቴን የሚበላው ያ እሺታሽ ነው። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድምሽ ጠጠሩን የዚያኑ ዕለት አግኝቶት ኖሯል። ይህን ሁሉ ዓመት ነገሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ፣ በአንቺ ላብ ተምሮ፣ ትንፍሽ ሳይል ኖረ። ከሥራ ቤቱ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። «ለእሷ መንገር ፈርቼ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ነገርኩት» አለኝ። ትከሻውን ልይዘው እጄን ሰደድኩና መለስኩት። በእጄ አፈርኩ። በማግሥቱ ለእናትሽ ነገርኳት። የያዘችውን ሰሃን ቀስ አድርጋ አስቀምጣ ወጣች። ይኸው አምስት ቀኗ፤ ምሳዬን ታቀርባለች፣ ቃል ግን የለም።

እዚህ ላይ ትንሿም ብዕሯን ጥላ ወጥታ ነበር። ጠበቅኳት። ተመልሳ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጻፊ እላታለሁ፣ ትጽፋለች።

በመጨረሻ በላክሽው የድምፅ መልእክት፣ አሠሪሽ ለአራት ዓመት ድጋሚ እንድትፈርሚ መጠየቋን፣ ትንሿንም ለራሷ ለአሠሪሽ እህት ቤት መፈለጓን፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንደምትጠብቅ ነግረሽናል። «ጉልበቴ እየከዳኝ ነው፣ ቤቱን በመጦር እሷ ትተካኝ፤ የእሷም ዕጣ ይኸው ይሆናል» ብለሻል። ያስተማርኩሽን ቃል ለእኔው መለስሽልኝ። እንግዲህ መልሴን ስሚ። ትንሿ አትመጣም። አውራ ጣቴን ያሳረፍኩበትን የፈቃድ ወረቀት ደላላዋ ቤት ሄጄ ተቀብዬ ቀድጄዋለሁ። ደላላዋ መጮህ ጀምራ ነበር፤ መሮዬን ከእጄ ስላላስቀመጥኩ ብዙም አልገፋችበትም። በምን ልትኖሩ ነው ትዪ ይሆናል። ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ ይፍረስ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ላይ ይውደቅ።

አንቺን ግን አትፈርሚ ብዬ አላዝሽም። አንድ ጊዜ ስለ አንቺ ወስኛለሁ፣ ይበቃኛል። መቅረት ከፈለግሽ ቅሪ፤ ለራስሽ ሥሪ፣ ለእኛ አንዳች ነገር አትላኪ። መምጣት ከፈለግሽ ቤትሽ ነው፣ ነይ። ይቅር በይኝ አልልሽም። ብልሽ «እሺ አባባ» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ያን ቃል ደግሞ ከአፍሽ መስማት አልችልም።

እናትሽ ሰላምታዋን በእኔ በኩል መላክ አልፈለገችም፤ ለብቻዋ ትልክልሻለች። ወንድምሽ እሑድ ይደውልልሻል፤ አንደበቱ ቢያያዝ ታገሺው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሰላም በሉልኝ ብሏል፣ አገባች ወይ ብሎም ጠይቋል፤ መርፌህን ጠብቅ ብዬዋለሁ። ታምመሽ ሳለ ሾርባ በድብቅ ላመጣችልሽ ለዚያች ምግብ አብሳይ ከእኔ ከሽማግሌው ምስጋና ይድረሳት። ትንሿ ደግሞ ከታች የራሷን ትጻፍ፣ ወረቀቱ ቦታ አለው።

አባትሽ ድንጋይ ጠራቢው፤ የአውራ ጣቱ ምልክት እነሆ።

እህቴ፣ ይህን አባባ አላዘዘኝም። አልመጣም። ለመንገዱ የላክሽልኝን ጫማ ነገ ለትምህርት ቤት አደርገዋለሁ። አንቺ ነይ።

ከጠራቢው ግቢ
ጥር ፲፱ ቀን