ቀዩ ቱታና የተዘቀዘቀው ነጠላ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሞቼ ነበር። ከደጃፌ እስከ አስፓልቱ ድረስ ብቻ ሮጬ ሞቼ ነበር። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ብረት ብረት ይላል። የመብራት ምሰሶውን አቅፌ ቆምኩ። አንድ ውሻ መጥቶ አየኝና ሳይጮህብኝ ሄደ። እሱ እንኳ አዘነልኝ።

ደግነቱ ሰው አላየኝም። ሳይነጋ የወጣሁትም ለዚሁ ነው። ፍኖተ ሰላም ከተማ ናት ይባላል እንጂ፣ እኛ ሰፈር አንዱ ቢያስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» ይሉታል። ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ያደረሰች ሴት ስትሮጥ ቢያዩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ባይ እላለሁ።

መጻፍ የማልፈልገውን ልጻፈው፤ ስኳር። ባለፈው ጤና ጣቢያ ሲለኩኝ ሐኪሟ ውጤቱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ጠርዝ ላይ ነሽ» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለሽ ነው የምትውዪው?» ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቆሜ ልስፋ እንዴ? «ተንቀሳቀሽ፣ ላብ ይውጣሽ። ሰኞ ኅዳር 15 በባዶ ሆድሽ ትመጫለሽ። ካልሆነ መድኃኒት እንጀምራለን።»

እናቴም «ጠርዝ ላይ» ተብላ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ሄደ። መጨረሻ ላይ የምታውቀኝ በድምፄ ነበር። እኔ ደግሞ በዓይኔ ነው የምበላው። ዛሬ ከሰዓት ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎ አስቸገረኝ። መብራቱ ደክሞ ነው። መብራቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ትናንት ማታ ልጄ ቤቲ ከባሕር ዳር ደውላ ነበር። «እማ፣ ቪዲዮ ልኬልሻለሁ፣ ፕላንክ ትሠሪያለሽ። ሩጫው ላይ ደግሞ ፈታ በይ፣ ከማንም ጋር አትወዳደሪም።» እኔ ያጠባኋት ልጅ አሠልጣኜ ሆና ቀረች።

ዛሬ ጠዋት እግሬ ስለተሳሰረ አልወጣሁም። ሰሌን ዘርግቼ ቪዲዮውን ከፈትኩ። በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ እንደ ሳንቃ ቀጥ ማለት ነው። ልጅቷ ቪዲዮው ላይ ፈገግ ትላለች፤ እኔ እንደ ቅጠል እርገፈገፋለሁ። በዚህ መሐል አያሌው፣ ባሌ፣ ገባ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አብሮኝ ማየት ጀመረ።

«ምን ጠፋብሽ? መርፌ ነው?»

ሳቅ መጣብኝና በሆዴ ተደፋሁ። «በጫማ ሳልረግጠው ልፈልግልሽ» ይላል ደግሞ፣ ከልቡ።

ከሰዓት የቤቲን የድሮ የስፖርት ቱታ ከሳጥን አወጣሁ። ቀይ ነው፣ እሳት የመሰለ ቀይ። አልገባኝ ሲል ጎንና ጎኑን ቀድጄ አረንጓዴ ጨርቅ ቀጠልኩበት። አሁን ይገባል። ግን እንዴት ነው ይህን ለብሼ መንገድ የምወጣው? ጭኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አያሌው «ባንዲራ መስለሻል» አለኝ።

አንድ ዘዴ መጥቶልኛል። ነጠላ ከደረብኩበት ከሩቅ የሚያየኝ ኪዳን ለማድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ይመስለዋል። ማን ይጠረጥራል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የትናንቱ ዘዴ ጉድ ሠራኝ።

ለኪዳን የሚሮጥ ሰው የት አለ? ይህን ትናንት አላሰብኩትም። በጨለማ ያገኘሁትን ነጠላ ሳብ አድርጌ ተከናነብኩና ወጣሁ። ዛሬ እግሬ እሺ አለኝ። ምሰሶውን አለፍኩት! በማንኩሳ መውጫ በኩል ትንሽ ሄጄ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞሬ ስመለስ፣ በደስታ ፍጥነት ጨመርኩ። ወዲያው ትንፋሼ እልም አለ። አጠገቤ ያገኘሁትን የቆርቆሮ በር ይዤ አጎነበስኩ። ቆርቆሮው ተንኳኳ።

የእትዬ ጥሩወርቅ በር ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ደሳለኝ፤ ደሴ ይሉታል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ከወረደ በኋላ፣ ከመስቀል ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። አንዱ ኔትወርክ ነው ይላል፣ ሌላው መንገድ ተዘግቶ ነው ይላል። እሳቸው ስልካቸውን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው ይውላሉ።

በሩ ተከፈተና የደጃፉ መብራት በራብኝ። ያኔ ያዩትን ነገር ቀኑን ሙሉ በእሳቸው ዓይን ሳየው ዋልኩ። ጎህ ሳይቀድ ሮጣ የመጣች ጎረቤት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች። አዎ፣ ጥለቱ ወደ ታች መሆኑ ቀርቶ አንገቴ ሥር ነበር። የሰው ቀሚስ ላይ ጥለት ስተክል የምውለው ሴትዮ የራሴን በጨለማ ገልብጬው ወጥቻለሁ። እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ነው። እንዲህ ተለብሶ በዚያ ሰዓት በር የሚንኳኳው ለመርዶ ነው።

«ደሴ ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው አልወጣም፣ ከንፈራቸውን ነው ያየሁት።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ትንፋሽ ከየት ይምጣ? አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። እጄን አወዛወዝኩ። ይህን ሲያዩ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

ትንፋሼ ሲመለስ ያልኩት ደግሞ ባሰ። «ምንም አልሆነም እትዬ፣ ምንም የለም፣ ይረጋጉ!» መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደል? መጀመሪያ ምንም የለም ይባላል፣ ቀጥሎ ትንሽ አሞት ነበር ይባላል፣ ከዚያ ይጮሃል። እሳቸው የባላቸውን ሞት የተረዱት እንደዚህ ነው።

«አትደብቂኝ ልጄ፣ ንገሪኝ» አሉና፣ ሳይጠብቁኝ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወንዶቹ ጋቢ እየጎተቱ፣ ሴቶቹ በባዶ እግራቸው። ማንም ምንም አልጠየቀም፤ ነጠላዬን አዩ፣ በቃ። «ደሴ የናቱ መከታ!» ብለው ደረት መምታት ጀመሩ። እኔ «ኧረ አይደለም! ኧረ የለም!» እላለሁ፤ እነሱ «አይዞሽ፣ አልቅሽው፣ ይውጣልሽ» እያሉ ያቅፉኛል።

አያሌው የቡሬ ተሳፋሪ ሊጭን ሚኒባሱን ሲያሞቅ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። «ምን ሰምተሽ ነው አንች?»

«ምንም አልሰማሁም! ስፖርት ነው!» ብዬ ነጠላውን ገፈፍኩት።

ቀይ ቱታ። አረንጓዴ ጎን። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እንባው ጉንጩ ላይ እያለ።

እትዬ አልሳቁም። ቱታውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በሩን ተደግፈው ተነሡና ገቡ። ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። ምነው ፊቴ ላይ በወረወሩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አልሮጥኩም።

ዘይነባ፣ ከሱቄ ቀጥላ ጨርቅ የምትሸጠው ወዳጄ፣ ገና ስከፍት ጀመረች። «ኧረ አትሌቷ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ! ለሱብሒ ሶላት ስነሣ ጩኸቱን ሰምቼ፣ ወላሂ ለለቅሶ የምለብሰውን ጥቁር ሻሽ አውጥቼ ነበር እኮ።» እንባዬ ሲመጣ አየችና መቀሷን ጥላ መጣች። «አብሽሪ። ሰው ነገ በሌላ ይስቃል።»

ሰው መሳቁ አይደለም። በሕይወት ያለ ልጅ ተለቀሰለት። ሟርት ቢሆንስ? ደሳለኝ አንድ ነገር ቢሆን፣ እሷ ናት ቀድማ ያስለቀሰችን አይሉኝም? እነሱ ቢተዉኝ እኔ ራሴን እተወዋለሁ?

ቤት ዘግቼ የአልጋውን ራስጌ ይዤ ቁጢጥ ብድግ አልኩ። ጉልበቴ ይንቋቋል። ከዚያ ቪዲዮው ላይ እንዳሉት ዘለልኩ። አያሌው ከጓዳ፦ «ቀስ በይ እንጂ፣ ምርጊቱ እየረገፈ ነው!» እውነቱን ነው። የጭቃ ቤት ለስፖርት አልተሠራም።

ሰኞ ቀጠሮ ነው። ምን ይዤ ልሄድ ነው? የተጠላሁበትን ሳምንት?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ በእርምጃ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ። ሦስቴ አየሁት።

እትዬ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መሐል ግንቡን ተደግፈው ነበር። ሲወጡ ተከትዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱ ይቅር ይበልሽ» አሉኝና ሄዱ።

እሱ። እሳቸውስ?

ሱቅ ገብቼ የአንድ ሙሽራ ጥለት በጠማማ ሰፍቼ ፈታሁት። ዓይኔ ይሆን ሐሳቤ? የግራ ዓይኔን ጨፍኜ ከግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያውን አነበብኩ። ከዚያ የቀኙን። ሁለቱም ያያሉ። ደግሜ ሞከርኩ። ዘይነባ «ማንን ነው የምትጠቅሽው?» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እትዬ ጥሩወርቅ ሱቅ መጡ!

ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት። ደምበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡና የስፌት መኪናው ሲንኳኳ አዩ። እኔ ጨርቁን እሰፋለሁ ወይስ ጣቴን፣ አላወቅሁም።

«ለምንድን ነው የምትሮጭው? ማን አባረረሽ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስኳሩን፣ ቀጠሮውን። የእናቴን ስም ስጠራ እጃቸውን አነሡ።

«የሷን ለኔ ትነግሪኛለሽ? ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በእጄ ይዤ የምወስዳት እኔ አልነበርሁም?»

መኪናውን አቆምኩ። ከዚያ «ሩጭ» አሉኝ።

«እሺ እትዬ።»

«ነጠላውን ግን ተይው። ያን ቀዩን ልበሽ። ሲነጋ ሩጭ፣ በኔ በር እለፊ፣ ከሩቅ ይታየኝ። ከእንግዲህ ነጠላ ለብሶ የሚሮጥ ሰው ልቤ አይችልም።»

«በቱታ ብቻ? በቀን? እትዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው?» አሉ። «ሰው ደጄ መጥቶ ለልጄ አልቅሶ፣ ስቆ ገባ። ከዚህ ወዲያ ምን ይላል?»

ሲወጡ ማልቀሴን ዘይነባ እንዳታይ ክር የተበጠሰ አስመስዬ አጎነበስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ለበስኩት። በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ሻሽ አሰርኩ፣ የአያሌውን ሰፊ ሸሚዝ ደረብኩ፣ ሸሚዙን አወለቅሁ፣ ደግሞ ደረብኩ። በሸሚዙ ሄድኩ።

ፀሐይ ወጥታለች። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሕዝብ ነጭ ለብሶ በመንገዱ ሙሉ ይመጣል፤ እኔ ቀይ ለብሼ በመሐሉ እሮጣለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም። ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ያሉት ጎረምሶች «አይዞሽ ማዘር!» «ማዘር፣ ማርሽ ቀይሪ!» ይሉኛል። አንድ አዛውንት ቆመው ከኋላዬ የሚያባርረኝ ሰው ፈለጉ።

እትዬ በራቸው ላይ ቆመዋል። ገና ከሩቅ ጮህኩ፦ «እኔ ነኝ እትዬ! ስፖርት ነው!»

እጃቸውን አነሡ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ምላሴ ወጥቶ ስለነበር በደንብ አላየሁም።

ነገ ጾም ይገባል፣ ዛሬ ቅበላ ነው። አያሌው ሥጋ ይዞ መጣ፣ ለስላሳም ጨመረ። ለስላሳውን ሽታውን እንኳ ሸሸሁት። ነገ መርፌ አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሮጥኩ፣ ታጠብኩ፣ በባዶ ሆዴ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ጣቴን ወጋችና ውጤቱን ጻፈች። ሐኪሞች ለምን ከመናገራቸው በፊት ይጽፋሉ?

«ትንሽ ወርዷል» አለችኝ። «ትንሽ። አሁንም ጠርዙ ላይ ነሽ። በሳምንት ምን ይመጣል ብለሽ ነው? መድኃኒቱን አሁን አልጀምርልሽም። ቀጥይበት፣ ከጥምቀት በኋላ እንየው።»

ደስ ይበለኝ? እሺ፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ክሩም በመጀመሪያው ገባ። መብራቱ ጎበዝ ሆኖ ይሆናል።

ስመለስ እትዬን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ከደሳለኝ ምንም የለም። ልጠይቅ አፌን ሳልከፍት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦ «ትናንትም ዛሬም ቀዩን ሳይ፣ ዛሬም መርዶ አይደለም ብዬ ሥራዬን ያዝሁ።»

ይህን ይዤ ገባሁ። ከስኳሩ ይከብዳል።

ጉልበቴ ከምሳ በኋላ አበጠ። አያሌው በቅባት እያሸኝ «አንድ ቀን ብትቀሪ ምን ይመጣል?» አለኝ። ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገ ሲነጋ አንዲት እናት በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ቀዩ ካልመጣ፣ ዓይኗ ነጭ ይፈልጋል።

ነጠላውን አጥቤ፣ አጥፌ፣ ከሳጥኑ ሥር ከተትኩት። ቱታው ወንበሩ ላይ ነው። ነገ መሮጥ አልችል ይሆናል። እያነከስኩም ቢሆን ግን በዚያ በር አልፋለሁ፣ ከሩቅም እጮሃለሁ። ለመጮህ ጉልበት አያስፈልግም።